ጥያቄና መልስ፦ የቅንጣት ጨረር ስንት አምፔር፣ ስንት ዋት?

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ኤሌክትሮንና ፕሮቶን ጨረር ስሌት ናቸው። ሁሉም ላይ ማለት ይቻላል ሁለት ነገሮች ይምታታሉ፦ በሰከንድ የሚያልፉት ቅንጣቶች ብዛትና አንዱ ቅንጣት የተሸከመው ኢነርጂ። ከረንት የመጀመሪያውን እንጂ ሁለተኛውን አይነግራችሁም።

ጥያቄ፦ ኤሌክትሮኖች በ20,000 ቮልት ተፋጥነው ኢላማ ይመታሉ። ከረንቱ 1 ሚሊ አምፔር ነው። በሰከንድ ስንት ኤሌክትሮን ይደርሳል? ስንት ዋትስ ነው?

1 ሚሊ አምፔር ማለት በሰከንድ 0.001 ኩሎምብ ነው። ይህን ለአንድ ኤሌክትሮን ቻርጅ፣ ማለትም ለ1.602 × 10⁻¹⁹ ኩሎምብ አካፍሉት። 6.24 × 10¹⁵ ኤሌክትሮን ይመጣል። እያንዳንዱ 20,000 ኤሌክትሮን ቮልት ይዟል (አንድ ኤሌክትሮን ቮልት ማለት ኤሌክትሮን በ1 ቮልት ሲፋጠን የሚያገኘው ኢነርጂ ነው)፤ በጁል 3.2 × 10⁻¹⁵ ነው። ሁለቱን ስታባዙ 20 ዋት ታገኛላችሁ።

ዋቱን ብቻ ከፈለጋችሁ ግን ይህ ሁሉ ልፋት አያስፈልግም። ቮልቱን በአምፔሩ አባዙ፣ አለቀ። የኤሌክትሮኑን ቻርጅ መጀመሪያ አካፈላችሁበት፣ ኋላ መልሳችሁ አባዛችሁበት፤ ስለዚህ ይጣፋል።

ጥያቄ፦ ለአልፋ ቅንጣትም እንዲሁ ነው?

ቮልት ከተሰጣችሁ አዎ። አልፋ የሁለት ፕሮቶን ቻርጅ አለው። በ1 ሚሊ አምፔር ብዛቱ በግማሽ ያንሳል፣ በአንድ ቅንጣት ያለው ኢነርጂ ደግሞ እጥፍ ይሆናል። ዋቱ ያው 20 ነው።

ወጥመዱ ያለው በቮልት ፈንታ ኢነርጂው ሲሰጥ ነው። 5 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ያላቸው አልፋዎች፣ ከረንቱ 1 ማይክሮ አምፔር፤ ስንት ዋት? ብዙ ሰው ፈጥኖ 5 ይላል። መልሱ 2.5 ነው፤ ምክንያቱም ያንን ኢነርጂ ለመስጠት 2.5 ሚሊዮን ቮልት ይበቃል። ይህን ጥያቄ ፈተና ላይ የሚያስገባ መምህር ተንኮለኛ ነው፣ ግን ልክ ነው።

ጥያቄ፦ የሰርን ላርጅ ሃድሮን ኮላይደር (ፕሮቶኖችን በቀለበት የሚያፋጥነው ግዙፍ ማሽን) ጨረር ከ1 አምፔር በታች ነው ይባላል። ታዲያ ያ ሁሉ ጥንቃቄ ለምንድን ነው?

እውነት ነው፣ ከረንቱ ከስልክ ቻርጀር ያንሳል። እስቲ ከዲዛይኑ ቁጥሮች እናስላው። በአንዱ ጨረር ውስጥ 2,808 የፕሮቶን ጥቅሎች አሉ፤ በእያንዳንዱ ጥቅል 1.15 × 10¹¹ ፕሮቶን። በድምሩ ወደ 3.2 × 10¹⁴ ፕሮቶን ነው። ቻርጁ 52 ማይክሮ ኩሎምብ ገደማ ብቻ። ነገር ግን 27 ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን ቀለበት በሰከንድ 11,245 ጊዜ ይዞራል። ስታባዙት 0.58 አምፔር ይሆናል። ያው ፕሮቶን በአንድ ቦታ ደጋግሞ ስለሚያልፍ ደጋግሞ ይቆጠራል።

አሁን ወደ ኢነርጂው። አንድ ፕሮቶን 7 × 10¹² ኤሌክትሮን ቮልት፣ ማለትም 1.12 × 10⁻⁶ ጁል ይይዛል። በፕሮቶኖቹ ብዛት ስታባዙት 362 ሚሊዮን ጁል ነው። ክብደታቸው ሁሉ ተደምሮ አንድ ናኖግራም እንኳ አይሞላም! ጥንቃቄው ከዚህ የመጣ ነው።

አንዳንዶች 0.58 አምፔርን በ7 × 10¹² ቮልት አባዝተው 4 ትሪሊዮን ዋት ያገኛሉ፣ ከዚያም ይደነግጣሉ። ቁጥሩ ስህተት አይደለም፤ ትርጉሙ ግን ሌላ ነው። ማሽኑ ይህን ያህል ኃይል አይፈጅም፣ ምክንያቱም የሚዞሩት እነዚያው ፕሮቶኖች ናቸው። ጨረሩ በአንድ ዙር፣ በ89 ማይክሮ ሰከንድ ውስጥ ተጠልፎ ሲጣል ግን ኃይሉ በእርግጥ ያን ያህል ነው። የሚያርፈውም ግራፋይት ላይ ሲሆን አንድ ነጥብ እንዳያቃጥል ሆን ተብሎ ይበተናል።

በስዊዘርላንድ የፖል ሼረር ተቋም ሳይክሎትሮን (ቅንጣቶችን እየጠመዘዘ የሚያፋጥን ማሽን) ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ ሁልጊዜ አዲስ ፕሮቶን ይመጣል። 590 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልትና ወደ 2.2 ሚሊ አምፔር ሲባዛ 1.3 ሜጋዋት ነው፤ ይህ ያለማቋረጥ የሚደርስ እውነተኛ ኃይል ነው።

ጥያቄ፦ የማፋጠኛው መግለጫ 100 ሚሊ አምፔር ይላል፣ ሜትሩ ግን 80 ማይክሮ አምፔር ያሳያል። ተበላሽቷል?

የላካችሁት መግለጫ ላይ ጨረሩ በምት እንደሚመጣ ተጽፏል፦ እያንዳንዱ ምት 4 ማይክሮ ሰከንድ፣ በሰከንድ 200 ምት። በአንድ ሰከንድ ውስጥ ጨረሩ ያለው ለ800 ማይክሮ ሰከንድ ብቻ ነው። 100 ሚሊ አምፔርን በ0.0008 አባዙ፤ 80 ማይክሮ አምፔር ነው። ሜትሩ ጤነኛ ነው፣ አማካዩን ነው የሚያሳየው።

ኢነርጂው 6 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ስለሆነ አማካይ ኃይሉ 480 ዋት ነው። በምቱ ቅጽበት ግን 600 ኪሎ ዋት ይደርሳል። ለማቀዝቀዣ ውሃ ስታሰሉ አማካዩን ያዙ። አንድ ምት ኢላማውን ይጎዳው እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ የምቱን ኢነርጂ፣ 2.4 ጁልን ተመልከቱ።

ጥያቄ፦ ቅንጣቶቹ ሲፈጥኑ ከረንቱ ይጨምራል?

በቀጥታ መስመር አይጨምርም። በሰከንድ የገባው ያህል ይወጣል፤ ሲፈጥኑ በመካከላቸው ያለው ርቀት ይሰፋል። በቀለበት ውስጥ ግን በሰከንድ የሚዞሩት ዙር ስለሚበዛ ይጨምራል፣ ፍጥነቱ ወደ ብርሃን ፍጥነት እስኪጠጋ ድረስ።

ጥያቄ፦ የኤሌክትሮኑን ፍጥነት በግማሽ ክብደት ሲባዛ በፍጥነት ስኩዌር አሰላሁ። ከብርሃን በለጠብኝ!

511,000 ቮልት ካስገባችሁ 1.41 እጥፍ የብርሃን ፍጥነት ይሰጣችኋል፤ ይህ ሊሆን አይችልም። በአንስታይን ቀመር ትክክለኛው የብርሃን ፍጥነት 0.866 እጥፍ ነው። በ20,000 ቮልት ልዩነቱ ትንሽ ነው፦ በድሮው፣ ማለትም እናንተ በተጠቀማችሁበት ቀመር 0.28፣ በትክክለኛው 0.27። ከ5,000 ቮልት በታች ስህተቱ ከ1 በመቶ ስለሚያንስ የድሮው ቀመር ይበቃል። ፕሮቶን 1,836 ጊዜ ስለሚከብድ ለእሱ ይኸው ገደብ እስከ 9 ሚሊዮን ቮልት ገደማ ይሄዳል።