መልስ፦ ሞተሩ ከሞቀም በኋላ ነጭ ጭስ

ወንድሜ፣ የመኪናህ ሞተር ከሞቀም በኋላ ነጭ ጭስ እንደማይጠፋና የራዲያተር ውሃ ቶሎ ቶሎ እንደሚጎድልብህ ጽፈሃል። የጠዋት ብቻ ቢሆን ኖሮ አታስብ እልህ ነበር። እሱ ጭስ ማውጫው ውስጥ ያደረ እርጥበት ነው፤ ሲሞቅ ይጠፋል።

ያንተ ግን ውሃ እየጠጣ ነው። መጀመሪያ የምጠረጥረው የቴስታታ ጋስኬት ነው፤ ማለትም በሞተሩ የላይኛው ክዳን (ቴስታታ) እና በሞተሩ አካል መካከል ያለው ማሸጊያ። ሲበላ ውሃው ነዳጅ ወደሚቃጠልበት ክፍል (ሲሊንደር) ይገባና እንፋሎት ሆኖ ይወጣል። ጭሱ ጣፋጭ ነገር የሚሸት ከሆነ ኩላንት (የራዲያተሩ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) እየተቃጠለ ነው ማለት ነው። ወደ ሰማያዊ ካደላ ግን ዘይት ነውና ነገሩ ሌላ ነው።

ካንዴላዎቹን (ነዳጁን በእሳት ብልጭታ የሚያቀጣጥሉትን) አስፈታና አስተያያቸው። አንዱ ታጥቦ የጸዳ ከመሰለ ውሃ የሚገባው እዚያ ሲሊንደር ነው። የዘይት ክዳኑንም ከውስጥ እየው፤ ወተት የመሰለ አረፋ ካለ መጥፎ ምልክት ነው። ባይኖርም ግን ጋስኬቱ ደህና ነው ብለህ እንዳትዘናጋ፤ ሁልጊዜ አይታይም። የራዲያተሩን ክዳን ሞተሩ ሳይበርድ በፍጹም እንዳትከፍት!

መካኒኩ ቴስታታውን ከማውረዱ በፊት የራዲያተር ግፊት ይለካልህ። እስከዚያ እባክህ አትንዳው። ሞተሩ ከጋለ ቴስታታው ሊጣመም ይችላል፤ ያኔ ወጪው ሌላ ነው።