ከሰዓት በኋላ የሚቆመው ኢንቨርተር

«ጋሼ፣ የምሠራው ድሬዳዋ፣ ዱቄት ፋብሪካ ውስጥ ነው። የወፍጮውን ሞተር የሚነዳው 37 ኪሎዋት ኢንቨርተር (የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠረው መሣሪያ) ከቀኑ 8 ሰዓት ሲሆን ‹ሙቀት በዛ› ብሎ ይቆማል። የፓኔሉን፣ ማለትም ኢንቨርተሩ ያለበትን የቆርቆሮ ሳጥን በር ከፍተን ቬንትሌተር አቆምንበት። መጀመሪያ ሻል አለው፤ አሁን ግን ብሶበታል። ትልቅ ቬንትሌተር እንግዛ ወይስ ኤሲ?»

ወንድሜ፣ ስለ ግዢው ሳናወራ በፊት በሩን ዝጋው። ቬንትሌተሩ ከአየሩ ጋር የዱቄት ብናኝም ያስገባል። ብናኙ የሂትሲንኩ (የኢንቨርተሩን ሙቀት የሚያስወጣው ብረት) ክንፎች መሀል ገብቶ ይጋገራል፤ ሙቀቱ መውጫ ያጣል። መጀመሪያ የተሻለው፣ ኋላ የባሰበት ለዚህ ነው። ከዚህ የከፋም አለ። የዱቄት ብናኝ አየሩ ውስጥ ሲበዛ፣ ብልጭታ ካገኘ ይፈነዳል። ኮንታክተር፣ ኃይሉን የሚያገናኘውና የሚያቋርጠው ማብሪያ ማጥፊያ፣ ደግሞ በሠራ ቁጥር ብልጭ ይላል። ሰው በሚተላለፍበት ቦታ ፓኔል ከፍቶ መተውም በራሱ አደጋ ነው።

ቀጥሎ አጽዳው። ወፍጮው ቆሞ ብናኙ ሲረጋ፣ ዋናውን ብሬከር አውርደህ ቆልፍ። ወዲያው እጅህን አትስደድ፤ ካፓሲተሮቹ ኃይል ይዘው ይቆያሉ። ማኑዋሉ ያዘዘውን ደቂቃ ጠብቅና የዲሲውን ጫፎች በመልቲሜትር ለክተህ አረጋግጥ። በኮምፕረሰር አትንፋው፤ ብናኙን የኤሌክትሮኒክስ ካርዱ ሥር ይከተዋል፣ ውሃም ይረጭበታል። በለስላሳ ብሩሽ እያነሳህ በቫኪዩም ሳበው። የኢንቨርተሩን የራሱን ፋን በጣትህ አዙረው፤ ከከበደህ ወይም ከተንገጫገጨ ቀይረው። የላሉ ብሎኖችን አጥብቅ። የላላ ጫፍ ራሱ ሙቀት ያመነጫል። ካሪየር ፍሪኩዌንሲውንም፣ ማለትም ኢንቨርተሩ ኃይሉን በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚያበራና እንደሚያጠፋ፣ እየው። የሞተሩን ጩኸት ለመቀነስ አንድ ሰው 8 ኪሎኸርዝ ላይ አድርጎት ከሆነ ወደ 4 አውርደው። ሞተሩ ትንሽ ይጮኻል፤ ኢንቨርተሩ ግን የሚያመነጨው ሙቀት ይቀንሳል።

አሁን ወደ ጥያቄህ። እንዲህ ያለ ኢንቨርተር ከሚያሳልፈው ኃይል 3 በመቶ ገደማውን ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። 37 ኪሎዋት ላይ ይህ ወደ 1,100 ዋት ነው። ኮንታክተሩንና ትራንስፎርመሩን ጨምረህ 1,200 በለው። ቁም ሳጥን ውስጥ የኤሌክትሪክ ምድጃ ለኩሶ በሩን እንደመዝጋት ነው። ቆርቆሮው ራሱ የሚያስወጣው ትንሽ ነው፤ በአንድ ካሬ ሜትር፣ በአንድ ዲግሪ ልዩነት 5.5 ዋት ያህል። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ፣ 1.2 ሜትር ቁመት፣ 80 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 40 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ፓኔል፣ ውስጡ ከውጭው በ10 ዲግሪ ቢበልጥ እንኳ 150 ዋት አያስወጣም።

ስለዚህ 8 ሰዓት ላይ ቴርሞሜትር ይዘህ ፓኔሉ አጠገብ ያለውን አየር ለካ። ሁሉም ነገር የሚወሰነው በዚህ ቁጥር ነው። አብዛኛው ኢንቨርተር ሙሉ ጭነት የሚሸከመው ዙሪያው እስከ 40 ዲግሪ ሲሆን ነው። ክፍሉ 38 ከሆነ የቀረህ 2 ዲግሪ ብቻ ነው። በ2 ዲግሪ 1,200 ዋት ለማውጣት በሰዓት ከ2,000 ሜትር ኪዩብ በላይ አየር ያስፈልጋል። ያንን ሁሉ አየር፣ ያውም ከብናኝ ጋር፣ በዚያች ፓኔል ውስጥ ማሳለፍ ከንቱ ድካም ነው። አዲስ አበባ፣ ክፍሉ 25 ዲግሪ ቢሆን ኖሮ፣ አየሩ ስስ ቢሆንም 330 ሜትር ኪዩብ ገደማ ይበቃ ነበር። እዚያ ፊልተር ያለው ፋን እመክርህ ነበር። ላንተ ግን አልመክርም።

ያንተ መፍትሔ የውጩን አየር ከውስጡ ጋር የማያቀላቅል የፓኔል ኤሲ ነው። 1,500 ዋት የማቀዝቀዝ አቅም ያለው ፈልግ፤ ሻጩ በቢቲዩ ካወራህ 5,100 ገደማ ነው። ይህ መሣሪያው ከመስመር የሚወስደው ኃይል አይደለም፤ ከፓኔሉ የሚያስወጣው ሙቀት ነው። ብዙ ሰው ሁለቱን ያምታታል። አቅሙ የተለካው ውጩ 35 ዲግሪ ሲሆን ከሆነ፣ ክፍሉ ሲሞቅ እንደሚቀንስም አስታውስ። ሲተከል 35 ዲግሪ ላይ አድርገው። «ይቀዝቅዝ» ብለህ 20 ላይ ካወረድከው፣ በሩ በተከፈተ ቁጥር እርጥብ አየር ገብቶ ካርዱ ላይ ጠል ይሆናል። የውሃ መውጫ ቱቦው ወደ ታች ያዘንብል፣ አይታጠፍ። የበሩ ጎማ ከተቀደደ ቀይረው፤ አለዚያ ኤሲው የፋብሪካውን አየር ሲያቀዘቅዝ ይውላል። በውጭ በኩል ያለው የኤሲው ራዲያተርም በዱቄት ስለሚደፈን በየሳምንቱ ይታይ።

እኔን ብትጠይቀኝ ግን አለቃህን ሌላም ነገር እንዲያስብበት አግባባው። ፓኔሉን ብናኝ ወደሌለበት ትንሽ ክፍል አውጡትና ክፍሉን በተራ ስፕሊት ኤሲ አቀዝቅዙት። መለዋወጫው ገበያ ላይ አለ፣ ጠጋኝም አይጠፋም፣ ብልጭታውም ከዱቄቱ ይርቃል። መጠንቀቅ ያለብህ ከኢንቨርተሩ እስከ ሞተሩ ባለው ገመድ ነው። በጣም ሲረዝም ቮልቴጁ ሞተሩ ዘንድ ለቅጽበት ይንርና ኢንሱሌሽኑን (የሽቦውን መከላከያ ሽፋን) ይጎዳል። ማኑዋሉ ከሚፈቅደው በላይ ከሆነ ኢንቨርተሩ መውጫ ላይ የኤሌክትሪክ ፊልተር ይጨመራል። ርቀቱን በሜትር ለካና ከኢንቨርተሩ ሞዴል ጋር ጻፍልኝ፤ የትኛው ፊልተር እንደሚሆንህ አብረን እናያለን።