«እኔ ምን ብዬ ልላክ?» የሕግ ምሩቃን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከሰሜን ሸዋ ከደረሱን ደብዳቤዎች ሦስቱ ሕግ ተምሮ ከተመረቁ በኋላ ስላለው ኑሮ የሚጠይቁ ሆነው ስላገኘናቸው አንድ ላይ አድርገናቸዋል።

ጥያቄ፦ ጋሼ ጤና ይስጥልኝ። መንዝ ውስጥ የወረዳ ዓቃቤ ሕግ ነኝ፣ ከተመረቅን ቆየት ብለናል። የባቻችን የቴሌግራም ግሩፕ አለ፣ አሁን ልጆቹ የምሩቃን ዜና የሚል ነገር ሊያዘጋጁ ነው እና ሁላችሁም የደረሳችሁበትን ከፎቶ ጋር ላኩ ተብለናል። አንዱ ባንክ ውስጥ ነገረ ፈጅ ነበር አሁን ዳይሬክተር ሆኗል፣ አንዷ ውጪ ሄዳ ኤልኤልኤም (የሕግ ማስተርስ) ጨርሳ መጣች፣ አንዱ አዲስ አበባ ከጓደኞቹ ጋር የጥብቅና ድርጅት ከፈተ። እውነቴን ነው ደስ ይለኛል፣ ግን እኔ ጋ ሲደርስ የምጽፈው አጣሁ። ስመደብ የነበርኩበት ወረዳ ነው አሁንም ያለሁት። እናቴም የነእገሌ ልጅ እኮ እንዲህ ሆነ ማለት ጀምራለች። ባልልክስ ምን ይላል? ወይስ ሥራውን ለቅቄ እኔም ጥብቅና ልግባ?

መልስ፦ እህቴ ላኪ እንጂ! ጥሪው «የደረሳችሁበትን» ስላለ ነው የጨነቀሽ፣ የደረሱበት ሲባል ወንበር ነው የሚመስለው፣ ዳይሬክተር፣ ማስተርስ፣ ቢሮ ምናምን። እነሱም ለፍተው ያገኙት ስለሆነ እንኳን ደስ አላችሁ በያቸው። ግን የሕግ ሰው ዜና በወንበር ብቻ የሚለካ ከሆነ ወረዳ ላይ የሚሠራው ሁሉ ዕድሜውን ሙሉ ዜና የለውም ማለት ነው፣ ይሄ ደግሞ በጣም ነው የሚያናድደኝ፣ ምክንያቱም እኛ አገር አብዛኛው ሰው ፍርድ ቤት ሲል የሚያውቀው የወረዳውን ነው። መሐል ሜዳ ወይ ሞላሌ ወይ ራቤል ያለ ገበሬ ደብረ ብርሃን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ድረስ የሚመጣው ገንዘብም መንገድም ሲኖረው ነው፣ ባሕር ዳር ጠቅላይ ፍርድ ቤት መሄድማ ለብዙው የሚታሰብ አይደለም፣ ባለፉት ዓመታት ደግሞ መንገዱ ራሱ ስንቴ ሲዘጋ እንደነበር ከኔ በላይ አንቺ ታውቂዋለሽ። «በሕግ አምላክ» ሲባል ቆሞ የሚሰማ ሕዝብ ነው ያለው፣ ለዚህ ሕዝብ ሕግ ማለት አንቺና ችሎት ላይ ያለው ዳኛ ናችሁ።

እስቲ የዘንድሮ መዝገቦችሽን መለስ ብለሽ አስቢ። ያስቀረሽው ያለዕድሜ ጋብቻ የለም? የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 648 ልጅቷ 13 ዓመት ወይ ከዚያ በላይ ከሆነች እስከ 3 ዓመት፣ ከ13 በታች ከሆነች እስከ 7 ዓመት እስራት ይላል፣ ይሄን ሁላችንም ለፈተና ሸምድደነዋል። ግን ጥር ላይ ጠላው ተጠምቆ ዘመድ ተጠርቶ ካለቀ በኋላ ሽማግሌ ፊት ቆሞ ልጅቷ ገና 18 አልሞላችም ብሎ መናገርና፣ ከዚያም የዕድሜ ማስረጃ ፍለጋ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ መመላለስ፣ ምስክር እንዳይሸማቀቅ መያዝ፣ ይሄ መጽሐፍ ላይ የለም።

የመሬቱም ነገር አለ። ባሏ የሞተባት ሴት መሬቷን እኩል፣ ማለትም ምርቱን ከአራሹ ጋር ልትካፈል ትሰጣለች፣ አራሹ ዓመት ዓመት ሲያርስ ይቆይና የኔ ነው ይላል፣ የባሏ ወንድሞችም ይመጣሉ። በክልላችን የገጠር መሬት ደብተር የባልና የሚስት ስም አንድ ላይ እየተጻፈበት መሰጠቱ ትልቅ ነገር ነው፣ ሆኖም ደብተሩን ይዛ የት እንደምትሄድ የሚነግራት ሰው ካላገኘች ሳጥን ውስጥ ነው የሚቀረው። አንቺ ቢሮ መጥታ ክሱን ማን ላይ፣ የትኛው ፍርድ ቤት፣ በምን ማስረጃ እንደምታቀርብ በሚገባት ቋንቋ ነግረሻት ከሄደች በቃ ያ ዜና ነው፣ ቢያንስ እኔ መጀመሪያ የማነበው እሱን ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ዓቃቤ ሕጎች ስለራሳቸው ሲጽፉ ይሄን ያህል ሰው አስቀጣሁ ይላሉ። አንቺ እንደዛ አትጻፊ። በ1954ቱ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 42(1)(ሀ) በቂ ማስረጃ የለም ብለሽ የዘጋሽው መዝገብም ሥራሽ ነው፣ በተለይ ሰፈሩ ሁሉ «እሱ ነው» እያለ ፖሊስም እየገፋ ማስረጃው ግን ባዶ ሲሆን። ያ ሰው ያለ ጥፋቱ ታስሮ ቢሆን ኖሮ ልጆቹ የት ይወድቁ ነበር ብለሽ አስቢ። ይሄን ለማድረግ የሚያስፈልገውን ወኔ የባችሽ ልጆች ቢሰሙት ደስ ይላቸዋል።

ትልልቅ የምንላቸውን ሰዎችም እንያቸው እስቲ። ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ የሆኑት በ2011 ነው፣ ሰው ግን ስማቸውን ከዚያ በፊት ነው ያወቀው፣ በ1994 የቀድሞውን መከላከያ ሚኒስትር በዋስ ይውጡ ብለው ያዘዙ ጊዜ፣ ያኔ ደግሞ የተቀመጡበት ወንበር የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ነው፣ ከፌዴራሎቹ ዝቅተኛው ማለት ነው። ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊም ጥቅምት 2011 የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዝዳንት ከመሆናቸው ከ20 ዓመት በላይ አስቀድሞ በሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በኩል ጠላፊዋን ለገደለች የ14 ዓመት የገጠር ልጅ ቆመው ነበር፣ ልጅቷ ራሷን ስትከላከል ነው ተብሎ ነፃ ወጣች። ያን ጊዜ ጠላፊ የጠለፋትን ካገባ ክሱ የሚቀርበት ሕግ ነበር የነበረን፣ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ነው ያስቀረው። የትነበርሽ ንጉሤም አሉ፣ በአምስት ዓመታቸው ዓይናቸው የጠፋ፣ ሕግ ተምረው ለአካል ጉዳተኞች መብት ሲሠሩ በ2010 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት የተሰጣቸው። የሦስቱንም ስም ስንሰማ ቶሎ የሚታወሰን ለማን እንደቆሙ ነው።

አጻጻፉ ላይ ግን ተጠንቀቂ፣ ይሄን አደራ እልሻለሁ። ያላለቀ መዝገብ አትጥቀሺ። ስም ብቻ ሳይሆን ቀበሌና ዕድሜም አትጻፊ፣ የመንዝ ሰው እርስ በርሱ ስለሚተዋወቅ «የእንዲህ ያለ ቀበሌ የ14 ዓመት ልጅ» ካልሽ ስሟን እንደጠራሽ ቁጠሪው፣ እሷ ደግሞ ነገ ትምህርት ቤት መሄድ አለባት። የባለጉዳይ ፎቶም በፍጹም አይሆንም። እንዲህ ብትዪ በቂ ነው፦ «መንዝ ነኝ፣ ዓቃቤ ሕግ። ዘንድሮ አብዛኛው ሥራዬ የሴቶችና የሕጻናት መዝገብ ነበር። ምስክር እንዳይጠፋብን ቀጠሮ ለማሳጠር ከፖሊስና ከዳኞች ጋር ተነጋግረን እየሠራን ነው። ከናንተ ውስጥ የሕጻናት ምስክርነት ላይ የሠራ ካለ እባካችሁ ይጻፍልኝ።» የመጨረሻዋን አትርሻት፣ ያቺ ኤልኤልኤም ጨርሳ የመጣችው ልጅ እኮ ለዚህ ልትጠቅምሽ ትችላለች።

ጥብቅናውን በተመለከተ፣ ልብሽ እዛ ካለ ግቢ፣ ነውር የለውም። የክልልና የፌዴራል ፈቃድ የተለያየ መሆኑን አስቢ፣ ፌዴራሉን የሚገዛው አዋጅ 1249/2013 ነው፣ ጠበቆች ተሰባስበው ድርጅት እንዲያቋቁሙ መንገድ የከፈተውም እሱ ነው። ዓቃቤ ሕግ ሆነሽ ያገኘሽው ልምድ ብዙ ይጠቅምሻል። ግን አንድ የቴሌግራም ፖስት ስላየሽ ተናደሽ ደብዳቤ አታስገቢ፣ ከምትወጂው ጋር ተመካከሪበት። እናትሽን ደግሞ ግልጽ ችሎት ባለበት ቀን ይዘሻት ግቢና ስትከራከሪ ትይሽ።

ጥያቄ፦ እኔ ደብረ ብርሃን ነኝ፣ የባቻችንን የምሩቃን ዜና ከሚያዘጋጁት አንዱ ነኝ። የሚላክልን ሁሉ ሹመትና የምርቃት ፎቶ ነው፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ልጆች ደግሞ ዝም ብለዋል። ምን እናድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ ጥያቄውን ቀይሩት። የት ደረስክ ከማለት ምን እየሠራህ ነው፣ ምን ከበደህ፣ ተማሪ ቢመጣብህ ምን ልታሳየው ትችላለህ በሉ። ዝም ያሉት ልጆች የሚናገሩት ስላጡ አይመስለኝም፣ ለነሱ የሚሆን ቦታ ጥያቄያችሁ ውስጥ የለም። ሕግ ትቶ ንግድ የገባ አለ፣ መምህር የሆነ አለ፣ ልጅ እያሳደገች ያለች አለች፣ አረርቲ ላይ ጤፍ የሚነግድም ካለ ይጻፍ፣ ውል ሲዋዋል የሕግ ትምህርቱ እንዴት እንደጠቀመው ይንገረን። ከቤቱ የተፈናቀለ ወይ ያረፈ ጓደኛ ካላችሁም አትዝለሉት፣ ቤተሰቡን አስፈቅዳችሁ ጻፉ።

ሹመት ስትጽፉ አረጋግጡ። የክልል ዳኛ በዳኞች አስተዳደር ጉባኤ ታጭቶ የሚሾመው በክልሉ ምክር ቤት ነው፣ ምክር ቤቱ ሳያጸድቅ «እንኳን ደስ አለህ ክቡር ዳኛ» ብላችሁ ብታወጡ ልጁንም ታሳፍሩታላችሁ።

ሌላው፣ አዲስ አበባ የሕግ ፋኩልቲ የተከፈተው በ1956 ነው፣ ከዚያ የወጡት ሰዎች ስም በመጽሐፍም በጋዜጣም ተጽፏል። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ግን ማስተማር የጀመረው በ1999 ነው፣ ገና ልጅ ነው፣ ምሩቃኑ ምን እንደሠሩ ካሁኑ ካልተጻፈ ኋላ ማን ያገኘዋል? ስለዚህ ሥራችሁን ቀላል አድርጋችሁ አትዩት። ከቻላችሁ ዜናው ሥር የትኛው ወረዳ ማን እንዳለ አስቀምጡ፣ ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ ማለቴ ነው፣ ኤክስተርንሺፕ (የተግባር ልምምድ) የሚወጡ ተማሪዎች ደብረ ሲና ወይ ዓለም ከተማ ሲመደቡ የሚያውቁት ሰው ካለ ነገሩ ሁሉ ይቀልላቸዋል።

ጥያቄ፦ እነዋሪ ነው ያለሁት፣ ገበሬ ነኝ። ልጄ አምስት ዓመት ሙሉ ሕግ ተማረ፣ የጅሩ ሰንጋ እየሸጥኩ ነው ያስተማርኩት። ኮርሱን ጨርሶ የመውጫ ፈተናውን ግን አላለፈም። የሰፈሩ ሰው ጓደኞቹ ዳኛ ሆኑ ይለኛል፣ ልጁ ከቤት አይወጣም። ተስፋ አለው ወይ?

መልስ፦ አባቴ፣ አለው። ፈተናው የማለፊያ ነጥቡ 50 ነው፣ አንዴ የወደቀ ደግሞ ድጋሚ መፈተን ይችላል፣ ምዝገባውን ከተማረበት ዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር ይጠይቅ። የሁሉም ትምህርት የመውጫ ፈተና በ2015 ነው የመጣው፣ ሕግ ተማሪ ግን ከዚያም በፊት ሲፈተን ነበር፣ በሁለተኛው ዙር አልፎ ዛሬ ችሎት ላይ የተቀመጠ ወይም ጠበቃ የሆነ አለ። የተማረው አምስት ዓመትም አልጠፋም፣ ጭንቅላቱ ውስጥ ነው ያለው።

ብቻውን ቤት ዘግቶ እንዳያጠና ግን ይርዱት። በየትኛው ኮርስ እንደደከመ ለይቶ፣ እንደሱ ድጋሚ ከሚፈተኑ ሁለት ሦስት ልጆች ጋር ቢያጠና ይሻላል። እነዋሪ ያለው ወረዳ ፍርድ ቤት በችሎት ቀን ገብቶ ይቀመጥ፣ በዝግ ካልተባለ በቀር ችሎት ለሁሉም ክፍት ነው፣ የሥነ ሥርዓት ሕግን በዓይኑ እያየ ሲማረው አይረሳውም። ዳኛ ሆኑ የተባሉት ጓደኞቹ ጋም ይደውል፣ ደብተራቸውንና የድሮ ጥያቄዎችን እንዲልኩለት፣ እሱ ካፈረ እርስዎ ይደውሉላቸው። ፈተናው ከአጨዳ ጋር ከገጠመ ደግሞ በነዚያ ሳምንታት ሥራውን በወንፈልም ቢሆን ይሸፍኑለትና ልጁን ለጥናቱ ይልቀቁት።