ዘፈኑን አብረን ጻፍነው፣ ስሜ ግን የለበትም፤ ልክሰስ ወይስ ልጠብቅ?

ወንድሜ፣ የላክህልኝን ሁለቴ አነበብኩት። ሜሪላንድ ውስጥ ከሁለት ጓደኞችህ ጋር ግጥምና ዜማ ሠርታችሁ የስቱዲዮው ባለቤት በራሱና በዘፋኙ ስም ብቻ አስመዘገበው፣ ይሄን ካወቅክ ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው፣ አሁን ሌላ ዘፋኝ ከቨር አድርጎት (በራሱ ድምፅ እንደገና ሠርቶት) በየሰርጉ ይዘፈናል፣ "ብሩ ይጠራቀምና ልክሰስ?" ነው ያልከኝ። አይሆንም፣ አትጠብቅ።

ለምን መሰለህ፣ እ.ኤ.አ. በ1956 ፍራንኪ ላይመንና ዘ ቲንኤጀርስ የሚባሉ የኒውዮርክ ልጆች "ዋይ ዱ ፉልስ ፎል ኢን ላቭ" የሚል ዱ ዎፕ አወጡ፣ ዱ ዎፕ ያው አንዱ ሲያወጣ ሌሎቹ በአፋቸው እንደ መሣሪያ ሆነው የሚያጅቡት ነው። ላይመን ገና 13 ዓመቱ ነበር፣ ዘፈኑ እንግሊዝ ሀገር 1ኛ ወጣ። በዚያው ዓመት ዘ ዳይመንድስ የሚባል ቡድን ከቨር አደረገው፣ በ1981 ደግሞ ዘፋኟ ዳያና ሮስ። ከቨር ሲደረግ ደግሞ የድርሰቱ ክፍያ የሚሄደው ለደራሲው ነው እንጂ መጀመሪያ ለዘፈነው አይደለም፣ ደራሲ ተብለው የተመዘገቡት ላይመንና ፕሮዲዩሰሩ ጆርጅ ጎልድነር ነበሩ፣ በኋላ በጎልድነር ቦታ ነጋዴው ሞሪስ ሌቪ ገባ። ከቡድኑ ሄርማን ሳንቲያጎና ጂሚ መርቻንት "የጻፍነው እኛ ነን" ብለው በ1987 ከሰሱ፣ በ1992 ጁሪው (ለፍርድ የሚቀመጡት ተራ ዜጎች) አመናቸው፣ በ1996 ግን ይግባኝ ሰሚው ገለበጠባቸው። አልጻፋችሁም ብሎ አይደለም፣ ሕጉ የሚሰጠው 3 ዓመት ነው እናንተ ከሃያ ዓመት በላይ ቆያችሁ ብሎ ነው። ይሄን ፍርድ ባነበብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል።

አንተም ያለህ ያው 3 ዓመት ነው። መቁጠር የሚጀምረው ባለቤትነትህ በግልጽ መካዱን ካወቅክበት ወይም ማወቅ ከነበረብህ ቀን ነው፣ አዲስ ከቨር ስለወጣ እንደገና አይጀምርም፣ ስለዚህ በአንተ ሂሳብ ብትሄድ እንኳን የቀረህ አንድ ዓመት ገደማ ነው፣ የስቱዲዮው ባለቤት አንተ ቀደም ብለህ ታውቅ ነበር ካለ ከዚያም ያንሳል።

ኪችን ውስጥ ስታንጎራጉሩ በስልክህ የቀዳኸው፣ ከኋላ ሲኒ ሲንኳኳ የሚሰማበት ያልከኝ ቅጂ ትልቅ ማስረጃ ነው፣ ቀኑ ያለው ዋናው ፋይል እንዳይጠፋብህ ሌላ ቦታም አስቀምጠው፣ የቴሌግራም መልእክቶቹንም አትደልት። ከቨር ያደረገውን ልጅ ግን ለጊዜው ተወው፣ አሜሪካ ውስጥ አንዴ የወጣን ዘፈን ማንም ፈቃዱን በሕጉ መሠረት አውጥቶና ከፍሎ በድምፅ መሥራት ይችላል (ቪዲዮ ከሆነ ወይ ግጥሙን ከተረጎመው ሌላ ነገር ነው)፣ ያንተ ጉዳይ ድርሻህን ከያዘው ሰው ጋር ነው።

አንድ ያልነገርከኝ ነገር አለ፣ ስቱዲዮው ውስጥ የፈረምከው ወረቀት አለ? መብትህን አሳልፈህ የሰጠህበት ከሆነ መልሴ ይቀየራል፣ ኮፒውን ፈልግና በዚህ ሳምንት እዚያው አካባቢህ ላለ የኮፒራይት (የድርሰት ባለቤትነት መብት) ጠበቃ አሳየው።