ምሳችሁን መኪና ውስጥ አትብሉ

ነሐሴ ሲገባ ስልኬ ይበዛል። አንዷ እናት «ልጄ ሃዋርድ ገባች» ትለኛለች። ሌላው ደግሞ «የኔው አትላንታ፣ ሞርሃውስ ሊሄድ ነው፤ እስቲ ምከረው» ይለኛል። በፋርማሲስትነት ሠላሳ ዓመት ሠርቻለሁ። የመጀመሪያ ዲግሪዬን የያዝኩት ደቡብ ውስጥ ካለ አንድ ትንሽ የጥቁሮች ኮሌጅ ነው፤ ዋሽንግተን ያለው ሃዋርድም ሞርሃውስም የጥቁሮች ኮሌጆች ናቸውና የማውቅ ይመስላቸዋል። የሚጠይቁኝ ያው ነው፦ ሰፈሩ ሰላም ነው ወይ? ስንት ያስከፍላል? ሲመረቅ ሥራ ያገኛል ወይ? «ምሳ ከማን ጋር ትበላለች?» ያለኝ ወላጅ ግን እስካሁን የለም። ለእናንተ ለልጆቹ የምጽፈው ስለሱ ነው።

እኔ የመጀመሪያውን ሴሚስተር ምሳዬን የበላሁት መኪና ውስጥ ነው፤ የአጎቴ አሮጌ ቶዮታ ውስጥ። አክስቴ ፍርፍር በፕላስቲክ ዕቃ ትቋጥርልኛለች፤ እኔ ፓርኪንግ ላይ መስኮት ዘግቼ እበላለሁ። ሽታው ያሳፍረኝ ነበር። እንግሊዝኛዬም እንደዚያው። ከሁሉ የባሰው ግን ቤት የተሰጠኝ ማስጠንቀቂያ ነው፦ «ተምረህ ቀጥ ብለህ ወደ ቤት። ከልጆቹ ጋር አትግጠም።» ልጆቹ ማለት ጥቁር አሜሪካውያኑ ናቸው። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ። ግን ዛሬም በብዙ የሀበሻ ቤት ይባላል፤ እናንተም ሰምታችሁታል።

የመጀመሪያውን የኬሚስትሪ ፈተና ከ100 43 አመጣሁ። አዲስ አበባ እያለሁ የማልፈው በችከላ ነበር፤ ሌሊት፣ ብቻዬን። እዚህ አልሠራም። ኋላ እንደገባኝ የክፍሌ ልጆች ካፌ ቁጭ ብለው የድሮ ፈተና ይሠሩ ነበር። መምህሩ ምን ላይ እንደሚያጠብቅ፣ የላብ ሪፖርት እንዴት እንደሚታረም፣ የትኛው ስኮላርሺፕ መቼ እንደሚዘጋ፣ ሁሉም የሚወራው ምሳ ላይ ነው። እኔ ደግሞ መኪና ውስጥ ነኝ።

ያወጡኝ የካፌዋ ሠራተኛ ናቸው። ትልቅ ሴትዮ ነበሩ። መኪናው ተበላሽቶ በአውቶቡስ የመጣሁ ቀን፣ ዝናብ ሲያባርረኝ ፍርፍሬን ይዤ ገባሁ። አዩኝና «ወገኖችህ እነማን ናቸው?» አሉኝ። የደቡብ ሰው አጠያየቅ ነው። የአያቴ «የማን ልጅ ነህ?» ቁጭ! ነገርኳቸው። ክንዴን ይዘው ሦስት ልጆች ወደተቀመጡበት ጠረጴዛ ወሰዱኝና «ይሄን ልጅ ሁለተኛ ብቻውን እንዳላየው» ብለው ወደ ድስታቸው ተመለሱ። ከሦስቱ ሁለቱ ኬሚስትሪ አብረውኝ የሚማሩ ነበሩ።

ምሳ ካነሳን አይቀር፣ ስለ ግሪንስቦሮ ታውቃላችሁ? እ.ኤ.አ. የካቲት 1 ቀን 1960 ኖርዝ ካሮላይና ኤ ኤንድ ቲ የሚባለው የግሪንስቦሮ የጥቁሮች ኮሌጅ አራት ተማሪዎች እዚያው ከተማ ዉልዎርዝ የሚባል መደብር ገብተው ለነጮች ብቻ በተከለለው የምግብ ባንኮኒ ተቀመጡ። ማንም አላስተናገዳቸውም። እስኪዘጋ ድረስ አልተነሱም። በማግስቱ ሌሎች ተጨመሩ፤ ነገሩ ወደ ሌሎች ከተሞች ተዛመተ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ባንኮኒው ለሁሉም ተከፈተ። አራቱም ፍሬሽማን ነበሩ! ነገሩን የመከሩት ዶርም ውስጥ ሌሊት ሲያወሩ ነው። የሲቪል መብት ሕጉ በ1964 ወጣ። አውሮፓዊ ያልሆነውን ገፍቶ የቆየው የስደተኞች ኮታ በ1965 ተሻረ። እኛ እዚህ አገር ሻንጣችንን ያሳረፍነው ከዚያ በኋላ ነው። «ከልጆቹ ጋር አትግጠም» ሲሏችሁ ይህን አስታውሷቸው፤ በትሕትና፣ ቡና ላይ።

ደግሞም እንግዳ አይደላችሁም። ኢትዮጵያዊው ዶክተር መላኩ በያን ሃዋርድ ሕክምና ተምረው እ.ኤ.አ. በ1935 ተመርቀዋል፤ ሚስታቸውም ጥቁር አሜሪካዊት ነበሩ። ፕሮፌሰር ዊልያም ሊዮ ሃንስቤሪ እዚያው ከ1922 ጀምረው ወደ አራት አስርት ዓመታት የአፍሪካን ታሪክ አስተማሩ፤ አፍሪካ ታሪክ አላት ብሎ የሚያምን ምሁር ጥቂት በነበረበት ጊዜ። በ1964 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ተሰጣቸው። ዛሬም ከግቢው ፊት ለፊት፣ ጆርጂያ አቬኑ ላይ፣ የፊልም ሠሪው የኃይሌ ገሪማ የሳንኮፋ መጻሕፍት ቤት አለ። ግቡበት።

የቀረውን ባጭሩ ልበል። 12 ክሬዲት ሙሉ ጊዜ ተማሪ ያሰኛል፤ 120 ክሬዲት በአራት ዓመት የሚያልቀው ግን በየሴሚስተሩ 15 ሲወሰድ ነው። ፋፍሳ የሚባለውን የመንግሥት የትምህርት ገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻ ቶሎ ሙሉ፤ አባታችሁን የታክስ ወረቀት ለምኑት፣ ታክሲ የሚነዳ ከሆነ ደግሞ ቀደም ብላችሁ ለምኑት። ኦፊስ አወር ማለት መምህሩ በሩን ከፍቶ የሚጠብቅበት ሰዓት ነው። እኛ መምህር ቢሮ የምንገባው ስናጠፋ ብቻ ይመስለን ነበር። ባትወድቁም ግቡ።

ዶርም ብትይዙ ደስ ይለኛል፤ ግን ብሩን አውቀዋለሁ። ዋሽንግተን ዳር ካለችው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከእናትና ከአባት ቤት የምትመላለሱ ከሆነ በሳምንት ሁለት ቀን እስከ ማታ ግቢ ቆዩ። አንድ ክበብ ግቡ። ሆምካሚንግ የሚባለው የድሮ ተማሪዎች ወደ ግቢ የሚመለሱበት ዓመታዊ በዓል እንዳያመልጣችሁ፤ ማርሽ ባንዱ ሲያልፍ ደረታችሁ ውስጥ ነው የሚመታው።

እኔ በዚያ ጠረጴዛ ከተቀመጥኩ በኋላ ሰኞ ሰኞ ፍርፍሩ እጥፍ እንዲሆንልኝ አክስቴን ጠየቅኳት። አንዱ ልጅ በርበሬው አስለቅሶት ውኃ ጠጥቶ ይመለስ ነበር። «ሆድህ ሰፋ እንዴ?» አለችኝ አክስቴ። «ትምህርቱ ያስርባል» አልኳት። እውነቱን የነገርኳት ኬሚስትሪውን ካለፍኩ በኋላ ነው።