የመልስ ወረቀት፦ ባሕር ማዶ ማስተማር ለምትፈልጉ

ዱባይ መጥቼ ሒሳብ ማስተማር ከጀመርኩ ሰባት ዓመት አልፎኛል። ከአገር ቤትም ከዚህም የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ተጠራቅመው ነበር፤ የተወሰኑትን አሳጥሬ እነሆ።

«ሐዋሳ የፊዚክስ መምህር ነኝ፤ ስድስት ዓመት አስተምሬያለሁ። ኢንተርናሽናል ትምህርት ቤቶች ፈረንጅ ብቻ ነው የሚቀጥሩት ይሉኛል። ልልፋ ወይስ ልተወው?»

እንግሊዝኛ ላስተምር ብትል ተወው እልህ ነበር። ደቡብ ኮሪያን ብትወስድ የቋንቋ መምህር ቪዛ የምትሰጠው በአብዛኛው ቋንቋው አፍ መፍቻቸው ለሆነ ሰባት አገሮች ዜጎች ነው። ፊዚክስ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ጥሩ የፊዚክስ መምህር የትም አይተርፍም። እኔ ባለሁበት ትምህርት ቤት ከሳይንስ መምህራኑ ግማሹ ሕንዶችና ግብፆች ናቸው። ችግርህ የእኛን ሥርዓተ ትምህርት እዚህ ማንም አለማወቁ ነው። ቃለ መጠይቅ ላይ መጀመሪያ የሚጠይቁህ «አይጂሲኤስኢ ወይም አይቢ አስተምረሃል?» ብለው ነው፤ የፊተኛው እንደ ካምብሪጅ ያሉት የእንግሊዝ ተቋማት የሚያዘጋጁት፣ የኋለኛው ኢንተርናሽናል ባካሎሬት የሚባለው ዓለም አቀፍ ትምህርት ነው። ከቻልክ አዲስ አበባ ካሉት የካምብሪጅን ትምህርት ከሚሰጡ ትምህርት ቤቶች በአንዱ ሁለት ዓመት ሥራ። ትምህርት የሚጀመረው ነሐሴ መጨረሻ ላይ ቢሆንም ቅጥሩ የሚጧጧፈው ከኅዳር እስከ የካቲት ነው። ሰኔ ላይ ሲቪ መላክ ገበያ ከተበተነ በኋላ እንደ መድረስ ነው።

«አንድ ኤጀንት ሥራው ተገኝቷል፣ ለቪዛ ማስጨረሻ 80 ሺህ ብር አስገቢ አለኝ።»

እንዳታስገቢ፣ እህቴ። ዱባይ ያለችበት አገር፣ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ፣ የሥራ ሕግ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ቁጥር 33፣ አሠሪ የቅጥር ወጪን ከሠራተኛው እንዳይሰበስብ ይከለክላል። የቪዛሽ ወጪ የትምህርት ቤቱ ነው።

«ሁለት ትምህርት ቤቶች ሥራ ሰጡኝ። ሁለቱም በወር 12 ሺህ ድርሃም ይላሉ። የትኛው ይሻላል?»

ይኼን ጥያቄ ወድጄዋለሁ፤ እኔም ተበልቼበታለሁ። የላኩልኝን ውሎች አነበብኳቸው። አንደኛው መሠረታዊ ደሞዝ 5 ሺህ፣ ቀሪው አበል ይላል። ሁለተኛው መሠረታዊ 9 ሺህ፣ አበል 3 ሺህ ይላል። በየወሩ ባንክ የሚገባልዎ አንድ ነው። ልዩነቱ የሚታየው ሲለቁ ነው። እዚህ አገር ለውጭ አገር ሰው ጡረታ የለም፤ በምትኩ አንድ ዓመት ከሞላዎት የአገልግሎት ክፍያ አለ። ለመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት በየዓመቱ የ21 ቀን፣ ከዚያ በኋላ የ30 ቀን ደሞዝ ነው፤ የሚታሰበው ግን በመሠረታዊው ብቻ። አራት ዓመት ሠርተው ቢወጡ ከአንደኛው 14,000፣ ከሁለተኛው 25,200 ድርሃም ያገኛሉ። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ስፈርም ድምሩን ብቻ አይቼ ነው የፈረምኩት። የሒሳብ መምህር ሆኜ!

ልጆች እንዳሉዎት ጽፈዋል። የልጆች ክፍያ ነፃ ነው ካሉዎት ለስንት ልጅ፣ ሙሉ ወይስ ግማሽ እንደሆነ በውሉ ላይ ይጻፉልኝ ይበሉ። በቃል የተነገረውን በመስከረም የሚያስታውሰው የለም።

«ዶክመንቴን ሁሉ አሟልቼ ልኬ ነበር፤ የሥራ ልምዴን ግን አልቀበልም አሉኝ። ምን አጠፋሁ?»

ምንም አላጠፋህም፤ ዘመን አቆጣጠራችን ነው። የእኔን ልንገርህ። ዲግሪዬ ላይ በእንግሊዝኛው በኩል ሐምሌ 2013 ይላል። የሥራ ልምድ ደብዳቤዬ ደግሞ ከመስከረም 2006 እስከ ሰኔ 2010 ይላል፣ በእኛው አቆጣጠር። የሰው ኃይል ክፍሏ ሴትዮ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጣ፣ በእስክሪብቶዋ ጫፍ አንዴ አንዱን አንዴ ሌላውን እየነካች፣ «ሳትመረቅ አራት ዓመት አስተማርክ?» አለችኝ። ስለ አሥራ ሦስቱ ወር ሳስረዳ የባሰ ተጠራጠረች። ደብዳቤውን በፈረንጅ አቆጣጠር እንደገና አጽፌ እስክልክ ሦስት ሳምንት ሄደ።

የስም ጣጣም አለብን። ዲግሪ ላይ ስምና የአባት ስም፣ ፓስፖርት ላይ አያት ይጨመራል፤ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ «ፀሐይ» የሚለው ብቻ ሦስት ዓይነት ነው። ልጅህን ስታመጣ የልጁ የመጨረሻ ስም የአባትህ፣ ያንተ የመጨረሻ የአያትህ ይሆንና «ልጅህ ለመሆኑ ማስረጃ?» ትባላለህ። የልደት ሰርተፍኬቱን ቀድመህ አስተርጉም። ከዚያ እንደ ዲግሪው ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ቀጥሎም አዲስ አበባ ያለው የኤምሬትስ ኤምባሲ ማኅተም አስደርግበት።

«እሑድ ሥራ ነው ወይ? ቅዳሴ ሊቀርብኝ ነው ብዬ ሰጋሁ።»

ኤምሬትስ ከሆነ አይቀርብሽም። ከእ.ኤ.አ. ጥር 2022 ወዲህ ዕረፍቱ ቅዳሜና እሑድ ሆኗል፣ ዓርብ ግማሽ ቀን ነው። ኳታርና ሳዑዲ ግን እሑድ ጠዋት ክፍል ትገቢያለሽ። የእኛ የገና በዓል ግን የትም ብትሆኚ የሥራ ቀን ላይ የመዋል ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ፈቃድ ቀድመሽ ጠይቂ።

«አቡዳቢ ከገባሁ ሁለት ወሬ ነው። በሳምንት 30 ክፍለ ጊዜ፣ ላይ በላዩ የሚታረም ደብተር። ልውጣ?»

ገና የሙከራ ጊዜህ ላይ ነህ፤ ከስድስት ወር አይበልጥም። ወደ አገርህ የምትመለስ ከሆነ የ14 ቀን፣ እዚያው ሌላ ትምህርት ቤት የምትገባ ከሆነ የአንድ ወር የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይበቃል። በሁለተኛው ግን አዲሱ አሠሪ የቅጥር ወጪውን ለፊተኛው እንዲተካ ሊጠየቅ ስለሚችል አስቀድመህ ንገረው። እኔን ከጠየቅከኝ እስከ ታኅሣሡ ዕረፍት ታገሥ። ቀጣዩ ትምህርት ቤት ያሁኑን ርዕሰ መምህርህን ስለ አንተ መጠየቁ አይቀርም፤ ተርሙን ሳይጨርስ የሄደ መምህርን ደግሞ ማንም በበጎ አያነሳም።

ፓስፖርትህን ግን «ለጥንቃቄ» ብለው ከያዙት ዛሬውኑ በኢሜይል ጠይቃቸው። ሕጉ አይፈቅድላቸውም።