ከሥሩ ምን አለ? ስለ ድሮ ፋብሪካ መሬት የጠየቃችሁኝ

ሥራዬ የተበከለ መሬት መመርመር ነው። አፈር አስቆፍሬ ናሙናውን ላብራቶሪ እልካለሁ፤ ከዚያ ለባለቤቱ የማይወደውን ወሬ እነግረዋለሁ። ያረጀ ፋብሪካና ጋራዥ ቦታ ላይ ሌላ ነገር ስለ መሥራት ያላችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ጥያቄው ጎረፈ። የተደጋገመውን አንድ ላይ አድርጌዋለሁ።

አዲስ አበባ ውስጥ የድሮ ጋራዥ ግቢ ለመኖሪያ ልገዛ ነው። ከየት ልጀምር?

ከዘበኛው። እየቀለድኩ አይደለም። ካርታው ስለ ካሬ ሜትሩ ይነግርሃል እንጂ የተቃጠለው ዘይት የት ይደፋ እንደነበር አይነግርህም። እሱን የሚያውቁት ዘበኛው፣ ጡረታ የወጣው መካኒክና አጥር የሚጋሩት እማማ ናቸው። ቀጥሎ ጉግል ኧርዝ ላይ የቆየውን ምስል ወደ ኋላ እየመለስክ እይ። ታንከሩ የት ነበር? አሮጌ ባትሪ የት ይከመር ነበር? ቁፋሮ ከዚህ በኋላ ነው።

ጀማሪ እያለሁ ማንንም ሳልጠይቅ አሥራ ሁለት ጉድጓድ አስቆፈርኩ። ሁሉም ንጹሕ ሆነ። ዕቃችንን ጭነን ልንወጣ ስንል ሽማግሌው ዘበኛ ጠጋ ብለው፣ "ልጄ፣ ዘይቱን የሚደፉት እኮ ከሽንት ቤቱ ጀርባ ነበር" አሉኝ። አሥራ ሦስተኛውን በራሴ ወጪ ቆፈርኩ።

ብዙ ዓመት ካለፈው መርዙ በራሱ አይጠፋም?

እንደ መርዙ ነው። ናፍታና ቤንዚን ለባክቴሪያ ምግብ ናቸው። አየርና ትንሽ ማዳበሪያ ካገኘ ይበላቸዋል። እርሳስ ግን አይበላም፣ አይበሰብስም፣ አይተንም። ከባትሪ የፈሰሰው እላይኛው አፈር ላይ ተጣብቆ ይቀመጣል። ቀድሞ የሚያገኘውም አፈር ላይ የሚጫወት ሕፃን ነው።

ላውንደሪ ቤቶች ለደረቅ እጥበት የሚጠቀሙበት ፈሳሽ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ነዳጅ ቀላል ስለሆነ የከርሰ ምድር ውሃ ላይ ይንሳፈፋል። ያኛው ከውሃ ይከብዳል፣ ወደ ታች ይሰምጣል። አንዴ ከሰመጠ የት እንዳለ ማግኘቱ ራሱ ፈተና ነው።

ሲያትል ነው የምኖረው። ልጆቼን ጋዝ ዎርክስ ፓርክ እወስዳለሁ። ጓደኛዬ "ከሥሩ መርዝ ነው" አለችኝ። እውነት ነው?

እህቴ፣ ጓደኛሽ ግማሹን እውነት ይዛለች። እዚያ ቦታ ላይ ከ1906 እስከ 1956 የጋዝ ፋብሪካ ነበር (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። መጀመሪያ ከድንጋይ ከሰል፣ በኋላ ከዘይት ለከተማው ጋዝ ያመርት ነበር። የሚተርፈው ታር መሬት ውስጥ ቀረ፣ ወደ ዩኒየን ሐይቅም ወረደ።

ከተማው ቦታውን በ1962 ገዛው። ንድፉን የሠራው ሪቻርድ ሃግ ለጊዜው እንግዳ የሆነ ሐሳብ ይዞ መጣ፦ ፋብሪካውን ሁሉ አናፍርሰው፣ አፈሩንም ሁሉ ዝቀን አንጣለው። ከፍሳሽ ማጣሪያ የወጣ ዝቃጭና ሰጋቱራ ከአፈሩ ጋር ደባልቀው አረሱት፤ ባክቴሪያው ሥራውን እንዲሠራ። ልጆች ካይት የሚያበሩበት ጉብታም የፋብሪካው ፍርስራሽ ነው፣ አፈር ለብሶ። ፓርኩ በ1975 ተከፈተ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ እንዴት ያምር ነበር። በ1984 ግን አፈሩ ሲመረመር የሚያሳስብ ነገር ተገኘና ፓርኩ ለወራት ተዘጋ። በኋላም ውሃው ውስጥ የቀረውን ቤንዝን የሚባል ኬሚካል አየር እየነፉ አወጡ (መኪና ውስጥ የምንሞላው ቤንዚን አይደለም፣ ስሙ ነው የሚያሳስተው)። የሐይቁ ወለል ጭቃ ጉዳይ ዛሬም አላለቀም። ስለዚህ ሣሩ ላይ ይጫወቱ። ወደ ሐይቁ ግን እንዳይገቡ፤ መዋኘት የሚከለክለው ምልክት ለጌጥ አልተሰቀለም።

ታዲያ "ጸዳ" ማለት ምን ማለት ነው?

ዜሮ ማለት አይደለም። ሦስት ነገር አስብ፦ መርዙ፣ የሚጓዝበት መንገድ፣ የሚያገኘው ሰው። አንዱ ከተቆረጠ ጉዳት የለም። ለዚህ ነው መሬቱ ምን እንደሚሆን ሳይወሰን ማጽዳት ገንዘብ መበተን የሚሆነው። ለመጋዘን የሚበቃ ጽዳት ለሕፃናት ማቆያ አይበቃም። ጎበዝ አርክቴክት የባሰበት ቦታ ላይ መኪና ማቆሚያ፣ ንጹሑ ላይ መጫወቻ ያደርጋል። እኔን የሚጠሩኝ ግን ሁልጊዜ ንድፉ ካለቀ በኋላ ነው!

የቆዳ ፋብሪካ ቦታስ?

እዚያ የሚያሳስበው ክሮሚየም የሚባለው ብረት ነው፤ ሁለት መልክ አለው። ቆዳ የሚለፋበት ክሮሚየም ሦስት ጉዳቱ ያን ያህል አይደለም። ክሮሚየም ስድስት ካንሰር ያመጣል፣ በውሃም በቀላሉ ይጓዛል። ሦስቱ ወደ ስድስት ሊለወጥ ይችላል፤ ለምሳሌ ዝቃጩን ካቃጠሉት። ላብራቶሪው "ጠቅላላ ክሮሚየም" ብቻ ጽፎ ከሰጠህ ወረቀቱን መልስለት፤ የትኛው እንደሆነ አይነግርህም።

ዴንቨር ማደያ ልገዛ ነው። ሻጩ "አስመርምሬዋለሁ" ይላል።

መቼ? አሜሪካ ውስጥ አንተ ባትበክለውም ባለቤት በመሆንህ ብቻ ልትጠየቅ ትችላለህ። የ1980ው የሱፐርፈንድ (የተበከለ መሬት ማጽጃ) ሕግ እንደዚያ ነው። በ2002 የወጣው ማሻሻያ ከመግዛቱ በፊት በአግባቡ ያስመረመረን ሰው ይጠብቃል። የመጀመሪያው ምርመራ ፌዝ ዋን ይባላል፤ ሰነድ ማገላበጥና ጉብኝት እንጂ ቁፋሮ የለውም። 180 ቀን ካለፈው መታደስ አለበት። ነዳጅ ግን ከሱፐርፈንድ ውጭ ነው፣ የምድር ውስጥ ታንክ የራሱ ሕግ አለው። ስለዚህ የታንኩን ዕድሜና የፍሳሽ ፍተሻ መዝገቡንም ጠይቅ።

እኛ አገር የማጽጃውን ማን ይክፈል?

በወረቀት ግልጽ ነው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 (ዓመቱ በእኛ ነው) የበከለው ያጽዳ ወይም የማጽጃውን ይክፈል ይላል። ግን በንጉሡ ዘመን የተከፈተ፣ በደርግ የተወረሰ፣ በኋላ ወደ ግል የዞረ ፋብሪካን ማን በከለው? በእኔ አስተያየት ከተማው መሬቱን በሊዝ ከማውጣቱ በፊት አስመርምሮ ውጤቱን ከጨረታ ሰነዱ ጋር ቢያያይዘው ይሻላል። ተጫራቹም የጽዳቱን ወጪ ቀንሶ ዋጋውን ያቀርባል።

ባሕር ዛፍ ብተክልበት አይመጠውም?

ውሃውን ይመጠዋል፣ በዚህ አይታማም። እርሳሱን ግን ባለበት ትቶ ነው የሚያድገው። ካድሚየምና ዚንክ ወደ ቅጠላቸው የሚስቡ ተክሎች አሉ። ያኔ ቅጠሉ ራሱ መርዝ ይሆናልና ለምጣድ እንዳትማግደው።